ክረምት፣ ባቡርና የሥራ ሰዓት፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች መልስ

የዚህ ወር ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው። ዝናብ፣ ባቡር፣ ማርፈድ። ሐምሌ ነውና አይገርምም። አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ወደ 1,200 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ ውስጥ ወደ ግማሽ የሚጠጋው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ስለዚህ አምዱን በሙሉ ለባቡር ተሳፋሪዎች ሰጥቻለሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ስምም አላወጣሁም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲኤምሲ ነው። ሥራዬ ለገሀር አካባቢ፣ የግል ድርጅት ውስጥ ነው። መግቢያችን 2፡30 ነው። በበጋ በባቡር ደህና እደርስ ነበር። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ግን ተቸግሬያለሁ። ዝናቡ እስኪያባራ በር ላይ እቆማለሁ፣ ጭቃውን እየመረጥኩ ጣቢያ እደርሳለሁ፣ ባቡሩ ደግሞ ሞልቶ ይመጣና መግባት ያቅተኛል። አለቃዬ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶኛል። ዝናብ ነው ስለው «ዝናቡ ለሌላውም ይዘንባል» አለኝ። ባቡሩን ትቼ ታክሲ ልጀምር? ለዚህስ ብሎ ሊያባርረኝ ይችላል?

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። እንቅልፍ የሚነሳሽ የሥራሽ ጉዳይ ስለሆነ ከሱ ልጀምር።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 አሠሪ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጥ፣ ማለትም ወዲያውኑ፣ ሠራተኛ የሚያሰናብትባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል። ማርፈድ አንዱ ነው። ግን እንዲሁ አንድ ሁለት ቀን ስላረፈድሽ አይደለም። በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ሲሆን ነው፣ ያውም ስለ ማርፈድሽ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠሽ። ያረፈድሽበት ምክንያት በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በሥራ ውልሽ ተቀባይነት ያለው ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ስለዚህ ነገ ቢሮ ስትገቢ የድርጅቱን የሥራ ደንብ ጠይቂና አንብቢው። ስለ ትራንስፖርት ችግር የሚል ነገር ካለ ምልክት አድርጊበት። ከሌለም ማወቁ ይጠቅምሻል።

ማስጠንቀቂያውን ግን ቀላል አድርገሽ አትይው። ኮፒውን ያዢ፣ ያረፈድሽባቸውን ቀናትና ምክንያቱን መዝግቢ፣ መልስሽንም በጽሑፍ ስጪ። የቃል ክርክር በኋላ ማስረጃ አይሆንሽም። ስላረፈድሽ ደመወዝ እንቆርጣለን ካሉሽ አንቀጽ 59ን አስታውሺ። ከደመወዝ መቁረጥ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም አንቺ በጽሑፍ ስትስማሚ ነው፤ ሁሉም ተደምሮም ከወር ደመወዝሽ ሲሶ መብለጥ የለበትም። የመንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁ አንባቢዎች፣ እናንተ የምትተዳደሩት በሌላ ሕግ ነውና ይህንን ለራሳችሁ አትውሰዱት።

አሁን ወደ ባቡሩ። ልተወው ወይ ላልሽው፣ እኔ አትተዪው ነው የምልሽ። ከሲኤምሲ በጉርድ ሾላ፣ በመገናኛ፣ በሃያ ሁለት፣ በኡራኤል አድርጎ የሚመጣው መንገድ በዝናብ ቀን ምን እንደሚሆን አንቺም ታውቂዋለሽ። አንድ መኪና ውሃ ውስጥ ሞተሩ ከጠፋ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል። ታክሲ ደግሞ ዝናብ ሲመጣ ይጠፋል፣ ሰልፉ ግን ይረዝማል። ባቡሩ የራሱ ሀዲድ አለው፣ ሀዲዱም ታጥሯል። መኪናው ሁሉ ተቆላልፎ በቆመበት ሰዓት እሱ ያልፋል። መስከረም 2008 የቃሊቲው መስመር፣ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ደግሞ የእናንተ የአያት መስመር ሥራ ሲጀምር ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነበር። ዛሬም ይኸው ነው።

ችግር የለበትም ማለቴ አይደለም። ባቡሩ የሚሄደው ከላይ በተዘረጋው ሽቦ፣ በ750 ቮልት ኤሌክትሪክ ነው። ኃይል ሲቋረጥ ባለበት ይቆማል። ሀዲዱ ሲረጥብ ደግሞ ብረት በብረት ላይ ይንሸራተታል፤ ፍሬን ከተያዘ በኋላ እስኪቆም ረዘም ያለ ርቀት ስለሚፈልግ ሹፌሩ ቀስ ማለቱ ግዴታው ነው። በዚህ ላይ የባቡሩ ቁጥር ማነስ አለ። ሲጀመር የመጡት 41 ባቡሮች ነበሩ፣ በመለዋወጫ እጥረት ብዙዎቹ መቆማቸው ግን በየጊዜው ሲነገር የኖረ ነው። አንዱ ሲቀር የሁለቱ ሰው ተጠራቅሞ የሚመጣውን ይጠብቃል። ሞልቶ የሚመጣብሽ ለዚህ ነው።

ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው ግን ጊዜሽን የሚወስደው ባቡሩ ብቻ አይደለም። በር ላይ ቆመሽ ዝናብ ትጠብቂያለሽ። ጭቃ እየመረጥሽ ትሄጃለሽ። ከዚያ ለትኬት ትሰለፊያለሽ። እኔ ስለ ክረምት ጉዞ አጥብቄ የማምነው ይህንን ነው፦ ሰው ሰዓቱን የሚያጣው ሁለቱ ጫፍ ላይ ነው፣ ከቤት እስከ ጣቢያ እና ከጣቢያ እስከ ቢሮ። ባቡሩን ማዘዝ አትችዪም። ሁለቱ ጫፎች ግን በእጅሽ ናቸው።

ስለዚህ ዝናቡ እስኪያባራ አትጠብቂ። የሐምሌ ጠዋት ካፊያ ይቆማል ተብሎ የሚጠበቅ አይደለም፣ ደህና የዝናብ ልብስ ገዝተሽ ውጪ። የሚቻል ከሆነ 1 ሰዓት ሳይሞላ ጣቢያ ድረሺ፣ ዝርዝር ብርም ይዘሽ ሂጂ። ሌላው፣ ሲኤምሲ ለአያት ቅርብ ነው፤ መሀል ላይ ያለው መሪ ብቻ ነው። ጠዋት ወደ አያት በሚሄደው ባቡር ተሳፍሮ፣ አያት ላይ እንደገና ትኬት ቆርጦ መመለስ ይቻላል። ተጨማሪ ሒሳብ ያስወጣሻል። ግን ባቡሩ ከመነሻው ባዶውን ስለሚነሳ ሲኤምሲ ላይ ከመጋፋት ይሻላል፣ ወንበርም ልታገኚ ትችያለሽ። በወሩ በ12 ለሚካኤል፣ በ22 ለኡራኤል ጠዋት ጠዋት ሰው እንደሚበዛም አትርሺ፣ ሁለቱም ጣቢያዎች መንገድሽ ላይ ናቸው።

የአለቃሽ መልስ ግን ቅር አሰኝቶኛል። መኪና ላለውና ጣቢያ ላይ ቆሞ ለሚጠብቀው ዝናቡ እኩል አይዘንብም። ይህንን እየተከራከርሽ ከምትውዪ ግን፣ ካረፈድሽ በኋላ ምክንያት በማቅረብ ፈንታ ቀድመሽ ሐሳብ አቅርቢ። እስከ መስከረም አጋማሽ 3፡00 ገብቼ ማታ ግማሽ ሰዓት ዘግይቼ ልውጣ በይው፣ በጽሑፍ። ስምንቱ ሰዓት አይጎድልበትም። እምቢ ካለም፣ አንቺ መፍትሔ ፈልገሽ እንደነበር የሚያሳይ ወረቀት በእጅሽ ይኖራል።

ጥያቄ፦ ከሳሪስ ሜክሲኮ በባቡር እመላለሳለሁ። ላፕቶፕ እይዛለሁ። ቢሮ ስደርስ ጫማዬም ካልሲዬም በስብሶ ነው። ማታ ማታ ቤት ውስጥ ከሰል አያይዤ ልብሴንና ጫማዬን አደርቃለሁ፣ ግን ቆዳው ተሰነጣጠቀብኝ። ምን ትመክረኛለህ? ጃንጥላ ይሻላል ወይስ ካፖርት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከጫማው በፊት ስለ ከሰሉ ልንገርህ። እባክህ ዛሬውኑ አቁም።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። መጀመሪያ ራስህን ያምሃል፣ ያዞርሃል፣ ያቅለሸልሽሃል፤ ድካም መስሎህ ጋደም ትላለህ፣ ከዚያ በኋላ ላትነሳ ትችላለህ። በየክረምቱ በር ዘግተው ከሰል አያይዘው የተኙ ሰዎች ሞት እንሰማለን። ቤተሰብ በሙሉ ያለቀበት ቤት አለ። ፍሙ ቀልቷል፣ ጭሱ አልፏል ማለት ጋዙ የለም ማለት አይደለም። ለልብስ ማድረቂያም ሆነ ለሙቀት፣ ሰው በሚተኛበትና በተዘጋ ቤት ከሰል አይገባም። ልጆች ካሉህ ደግሞ ይብሳል። አብሮህ የሚኖር ሰው ካለ ይህንን ያንብብለት።

ጫማህን ለማድረቅ ውስጡን በጋዜጣ ጠቅጥቀህ ግድግዳ አስደግፈህ አሳድረው። ወረቀቱ ሲርስ ቀይረው። ቆዳ እሳት ሲያገኘው ነው የሚሰነጠቀው፣ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ግን አይጎዳም። ከሁሉ የሚሻለው ግን የቆዳ ጫማህን ቢሮ ትተህ በፕላስቲክ ቦት መመላለስ ነው። ሜክሲኮ ላይ ቦት አድርጎ የሚሄድ ሰው ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ሁለት ካልሲ መሳቢያህ ውስጥ አስቀምጥ።

ጃንጥላ ወይስ ካፖርት ላልከው፣ ለባቡር ካፖርት። ግፊያ ውስጥ የረጠበ ጃንጥላ የጎንህን ሰው ያበሰብሳል፣ በሩም ላይ ይያዝና ባቡሩን ያስቆማል፤ በር ካልተዘጋ ባቡሩ አይነሳም። ጃንጥላ የግድ ከያዝክ ከመግባትህ በፊት አራግፈህ ፌስታል ውስጥ ክተተው። ላፕቶፑን ደግሞ ቦርሳው ውሃ አያስገባም የሚለውን ወሬ ሳታምን በወፍራም ፌስታል ጠቅልለህ ቦርሳው ውስጥ አድርገው። ቦርሳውን በፊት ለፊት ያዘው፣ ለዝናቡም ለሌባውም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ይህንን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። የምኖረው መገናኛ አካባቢ ነው። በወሩ በ1 ልደታ መሳለም ልማዴ ነው፣ ክረምት ነው ብዬም አልቀርም። ጉልበቴን ያመኛል። ባቡሩ ለኔ ይሆናል? ልጆቼ ቅሪ ይሉኛል።

መልስ፦ እናቴ፣ እድሜ ይስጥዎት። ባቡሩ ይሆንዎታል፣ እንዲያውም ከታክሲ ይሻልዎታል። ከመገናኛ ልደታ አንድ መስመር ነው፣ የሚቀይሩት ነገር የለም። የባቡሩ ወለል አብዛኛው ክፍል ዝቅ ያለ ስለሆነ በሩ ላይ እንደ አውቶቡስ ደረጃ መውጣት አይጠብቅዎትም።

የሚያስቸግርዎ ሌላ ቦታ ነው። ከስታዲየም እስከ ልደታ ድረስ ባቡሩ የሚሄደው ድልድይ ላይ ነው። ልደታ ሲደርሱ ከላይ መውረድ አለ፣ ሲመለሱ ደግሞ መውጣት። ደረጃው በዝናብ ያንሸራትታል። የልጅ ልጅዎ አብራዎት ትሂድ፣ እሷ ካልቻለች ሌላ ሰው። ባቡሩ እንደቆመ ከሰው ጋር አብረው አይውረዱ፣ ግፊያው ይለፍ። ከዚያ ብረቱን ይዘው በቀስታ ይውረዱ። ነጠላዎን ከእግርዎ ሥር ሰብሰብ ያድርጉት። ሶሉ ያለቀ ጫማ በፍጹም እንዳያደርጉ።

ሰዓቱ ለርስዎ ይመቻል። ለቅዳሴ በማለዳው ሲሄዱ ሠራተኛው ገና አልወጣም። ሲመለሱም ከ3 ሰዓት በኋላ ይሁን፣ ያኔ ግፊያው ይበርዳል። ወንበር ካላገኙ ደግሞ ይጠይቁ፣ ጉልበቴን ያመኛል ይበሉ። ይህንን ለምታነቡ ወጣቶችም እናገራለሁ። ስልካችሁ ላይ አንገታችሁን ደፍታችሁ እናት ቆመው ሲሄዱ ማየት ያሳዝነኛል። ተነሱ።

ልጆችዎ ቅሪ የሚሉዎት ስለሚሳሱልዎት ነው። ዶፍ የወረደ ቀን እሺ ይበሏቸው።

ጥያቄ፦ ባቡር ውስጥ መስኮት ስከፍት ሰው ይቆጣኛል። «ብርድ ታስመቺናለሽ» ይላሉ። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ አንቺ ነሽ። ጉንፋንም ሆነ የሳንባ ነቀርሳ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በነፋሱ ምክንያት አይደለም፤ የታመመ ሰው ሲያስል ሲያስነጥስ ነው። ሰው የታጨቀበት፣ አየሩ የማይንቀሳቀስ ቦታ ደግሞ ለዚህ ይመቻል። ዝናቡ በቀጥታ የሚገባ ከሆነ ዝናቡ በማይመታበት በኩል ያለውን ትንሽ ክፈቺ። ለሚቆጣሽ ሰው በትሕትና አስረጂ። ሕፃን ያዘለች እናት አጠገብሽ ካለች ግን ቦታ ቀይሪላት።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ነው የምሠራው። ማታ ስመለስ መብረቅና ነጎድጓድ ይሆናል። በኤሌክትሪክ በሚሄድ ባቡር ውስጥ፣ በተለይ ድልድዩ ላይ ስንሆን በጣም እፈራለሁ። ፍርሃቴ ልክ ነው?

መልስ፦ መፍራትሽ አያስገርምም፣ ግን ባቡሩ ውስጥ ስትሆኚ ደህና ከሚባሉት ቦታዎች አንዱ ላይ ነሽ። የባቡሩ አካል ብረት ነው። መብረቅ ቢመታው እንኳ ኤሌክትሪኩ በውጭው ብረት ዞሮ ወደ ሀዲዱና ወደ መሬት ይወርዳል፣ ወደ ውስጥ አይገባም። ሊሆን የሚችለው ኃይል ተቋርጦ መቆም ነው። ባቡሩ ከቆመ በሩን ለመክፈት አትታገሉ። ከላይ ያለው ሽቦ ኃይል ይኑረው አይኑረው በዓይን አይታወቅም፣ ሀዲዱ ላይ መውረድ ከመብረቁ የባሰ አደጋ አለው። ሠራተኞቹ እስኪያወርዷችሁ ጠብቁ።

ጥንቃቄ የሚያስፈልግሽ ውጭ ስትሆኚ ነው። ጣቢያ ላይ ከጣሪያው ሥር ግቢ፣ አጥርና የብረት ምሰሶ አትደገፊ። ብልጭታውን ካየሽ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማሽ ቁጠሪ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ከ30 ሴኮንድ በታች ከሆነ መብረቁ ከአሥር ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነው ማለት ነው፣ ከሕንፃ አትውጪ። ዛፍ ሥር በጭራሽ እንዳትጠለዪ።

በክረምት ነጎድጓዱ የሚበዛው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ቀን የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ደመናው ይከመራልና። ስለዚህ ጠዋት ጥርት ያለ ሰማይ አይተሽ ካፖርትሽን ቤት አትተዪ። ማታ ዶፍ ከያዘሽ ቢሮ ውስጥ ትንሽ ቆዪ። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ብዙ ጊዜ አይቆይም፣ ጎርፉም ጎደል ይላል። ከእንጦጦ በኩል የሚወርደው ውሃ ግን አንቺ ዘንድ ዝናቡ ካባራ በኋላም እየመጣ ስለሚሆን፣ ቀበናና ግንፍሌ ዳር ባሉ መንገዶች የምታቋርጪ ከሆነ ጥልቀቱን የማታውቂው ውሃ ውስጥ አትግቢ። ክዳኑ የተነሳ ቱቦ ከሥሩ ሊኖር ይችላል።

ጥያቄ፦ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ የባቡር ጣቢያ ደረጃ ላይ አንሸራቶኝ ወድቄ እጄ ተሰበረ። ድርጅቱ «የሥራ ላይ ጉዳት አይደለም» አለኝ። እውነት ነው? ደመወዜስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይማርህ። ደስ የማይል መልስ ነው፣ ግን ድርጅቱ በዚህ ትክክል ይመስላል። አዋጁ ወደ ሥራ ስትሄድና ስትመለስ የሚደርስብህን ጉዳት የሥራ ላይ ጉዳት የሚለው፣ ድርጅቱ ለሠራተኞቹ ባቀረበው ወይም ለዚሁ ብሎ በተከራየው ተሽከርካሪ ስትጓዝ ከሆነ ነው። በድርጅቱ ሰርቪስ ስትሄድ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ሌላ ነበር። በራስህ በባቡር ስትሄድ ግን አይሸፍንህም። ድርጅቱ በዚያ ሰዓት ለሥራ ጉዳይ ልኮህ ከነበረ ግን ንገረኝ፣ ያ የተለየ ነገር ነው።

ባዶ እጅህን ትቀራለህ ማለት ግን አይደለም። የሙከራ ጊዜህን ከጨረስክ የሕመም ፈቃድ አለህ። በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር ይደርሳል። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር ግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻው ሦስት ወር ያለ ደመወዝ ነው። ይህንን ለማግኘት ከታወቀ የሕክምና ተቋም ማስረጃ ማቅረብ አለብህ። ከሥራ በቀረህ ማግስት ለአሠሪው ማሳወቅም ይጠበቅብሃል። እጅህ ተሰብሮ መሄድ ካልቻልክ ስልክ ደውል፣ መልእክትም ላክ፣ መልእክቱን አታጥፋው። የሐኪሙን ወረቀት ከማስገባትህ በፊት ኮፒ አድርግና አንዱን ለራስህ አስቀር፤ የተቀበለህን ሰው ደግሞ ኮፒው ላይ ቀን አስጽፈህ አስፈርመው።